ጌቲስበርግ ስትሄዱ የአይዘንሃወርን እርሻም እዩ

ከዲሲ አካባቢ ፔንስልቬንያ ወዳለችው ጌቲስበርግ የሚሄድ ብዙ ሰው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተካሄደበትን የጦር ሜዳ ዞሮ ይመለሳል። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የአይዘንሃወር እርሻ እኮ እዚያው አጠገብ ነው፤ መግቢያውም በነፃ። በአውራ ጎዳና 270 እስከ ፍሬደሪክ ከተማ፣ ከዚያ በመንገድ 15 ወደ ሰሜን፤ ከዋሽንግተን 80 ማይል ገደማ ነው።

ጂፒኤስ ላይ የጦር ሜዳውን ሙዚየም እንዳትጽፉ። ድሮ ወደ እርሻው የሚወስደው አውቶቡስ የሚነሳው ከሙዚየሙ ስለነበር የቆዩ መመሪያዎች ዛሬም ወደዚያ ይልካሉ። አሁን በራስ መኪና እርሻው ድረስ ይገባል። ግቢው ክፍት ሆኖ ቤቱ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ፣ ከመነሳታችሁ በፊት የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ድረ ገጽ ላይ የዕለቱን ሰዓት አረጋግጡ። ያለበለዚያ በሩን አይቶ መመለስ ነው።

ሳሎኑ ላይ ብዙ አትቆዩ። ያምራል፣ ምድጃው ላይ ያለው እብነ በረድም ድሮ ዋይት ሐውስ የነበረ ነው፤ ግን ባለቤቶቹ ራሳቸው እምብዛም አይቀመጡበትም ነበር። ጊዜያችሁን በመስታወት ለተከበበው በረንዳ ስጡት፤ አይዘንሃወር ሥዕል የሚሥሉትም፣ ከባለቤታቸው ከማሚ ጋር ቴሌቪዥን የሚያዩትም እዚያ ነበር። ቤቱን እ.ኤ.አ. በ1967 ለመንግሥት ሰጥተዋል፤ የምታዩት ዕቃም በአብዛኛው የራሳቸው ነው።

ከቤቱ ስትወጡ የከብቶቹን በረት አትዝለሉት። አይዘንሃወር የሚኮሩት አንገስ በሚባሉት የሥጋ ከብቶቻቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1959 የሶቪየት ኅብረቱን መሪ ክሩሽቼቭንም አምጥተው አሳይተዋቸዋል። ሜዳው ገላጣ ስለሆነ በበጋ ኮፍያና ውኃ ያዙ።