የወረዳውን ልጆች ንባብ ማሻሻል ከየት ይጀመራል?

የወረዳ ትምህርት ባለሙያ፣ ሱፐርቫይዘር ወይም ርዕሰ መምህር ከሆናችሁ ይሄ ለእናንተ ነው። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከትምህርት ቤት የቀሩ ልጆች አይደሉም። ክፍል ተቀምጠው ከሰሌዳ ሲገለብጡ የከረሙ ናቸው።

ስለዚህ ዕቅድ ከመጻፋችሁ በፊት ልጆቹን አዳምጡ። ከ2ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ያሉትን ልጆች አንድ በአንድ ጥሩ። ፊደል፣ አጫጭር ቃላት፣ አንድ አንቀጽና አጭር ታሪክ ያለበት ወረቀት ይበቃል፤ በሚማሩበት ቋንቋ ይሁን እንጂ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ልጁ «ሀ ሁ ሂ ሃ» እያለ በዜማ ሲወርደው ያወቀ ይመስላል። ቅደም ተከተሉን አፍርሱበት። መጀመሪያ «ሚ»ን፣ ቀጥሎ «ቶ»ን፣ ከዚያ «ሌ»ን ለብቻ አሳዩት። ከንፈሩን እዩ፦ «መ፣ ሙ፣ ሚ» ብሎ በሹክሹክታ ቆጥሮ ከደረሰ የያዘው ዜማውን ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ይህን ሁሉ አስጨርሶ ቃል ውስጥ መግባት ልጁን ያደክመዋል። በ«ለ»፣ በ«መ» እና በ«ሰ» ቤት ብቻ እኮ «ሰላም»፣ «ሎሚ»፣ «ሙሉ»፣ «ሰማ» ይጻፋል። ጥቂት ፊደል፣ ወዲያው ቃል፣ ወዲያው ዓረፍተ ነገር።

ውጤቱ ሲታወቅ ከ3ኛ እስከ 5ኛ ያሉትን ለንባብ ሰዓት ብቻ በችሎታቸው መድቧቸው። ፊደል ያልለየው የ5ኛ ክፍል ልጅ ከ3ኛ ክፍሉ ጋር ይቀመጥ፤ የሕንዱ ፕራታም ድርጅት በዚህ መንገድ ነው የሚሠራው። ልጁ እንዳያፍር ቡድኖቹን በደረጃ አትጥሯቸው።

መምህር ምደባ ላይ ጨክኑ። የ8ኛ ክፍል ፈተና አለ ተብሎ ጎበዙ ሁሉ ወደ ላይ ይመደባል፣ 1ኛ ክፍል ደግሞ ለተገኘው ሰው ይሰጣል። ይህ መገልበጥ አለበት፤ የወረዳው ምርጥ መምህራን 1ኛ ክፍል ይግቡ። ሱፐርቫይዘሩም የትምህርት ዕቅድ ላይ ፈርሞ ከሚመለስ፣ ክፍል ገብቶ ሦስት ልጆች ሲያነቡ ሰምቶ ከመምህሩ ጋር ይነጋገር። የተቸገረው መምህር አጎራባች ትምህርት ቤቶች በሚገናኙበት በጉድኝት ማዕከሉ የሌላውን አሠራር ይይ።

ይቀደዳል ተብሎ የተቆለፈበት መጽሐፍም ይውጣና ልጆቹ ቤት ይውሰዱት። ማንበብ የማይችል ወላጅ ምን ያግዛል አትበሉ። ማታ «እስኪ አንብብልኝ» ማለት ይችላል፣ ልጁ ሲደናቀፍም ይሰማዋል።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ በዚያው ዓይነት ወረቀት ደግማችሁ መዝኑ። ውጤቱ ወደ ዞን ከመሄዱ በፊት መምህሩ እጅ ይድረስ። ከመምህሩ የሥራ አፈጻጸም ነጥብ ጋር ግን እንዳታያይዙት፤ ያን ቀን ቁጥሩ ያምራል፣ ልጁ ግን ያው «መ፣ ሙ፣ ሚ» እያለ ይቆጥራል።