በጉ አፈር ሲልስ፣ ሙክቱ ሲያምጥ፦ ለሰሜን ሸዋ በጎች የማዕድን ችግርና መፍትሄ

በበጋ ወራት በመንዝ፣ በጣርማ በርና በደብረ ብርሃን ዙሪያ በጎች ግድግዳ ሲልሱ፣ አጥንትና ጨርቅ ሲያላምጡ ማየት የተለመደ ነው። ይህን ያየ ሰው ወዲያው የሚላስ የማዕድን ጡብ ፍለጋ ይወጣል። ከዚያ በፊት ግን የበጉን የታችኛውን የዐይን ቆብ ገልጠው ይዩ። ቀላ ያለ ከሆነ ወደ ማዕድኑ ይሂዱ። ከነጣ ወይም ከመንጋጋው ሥር ውሃ የቋጠረ እብጠት ካለ ግን መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ትል ነው፤ በተለይ መንጋው ረግረግ ላይ ከከረመ የጉበት ትል። አልቤንዳዞል ያደገውን የጉበት ትል እንጂ ጮርቃውን አይገድልም፤ ለጮርቃው ትሪክላቤንዳዞል ያስፈልጋል። ትሉ ሳይወጣ ማዕድን መግዛት ብር ማባከን ነው።

ምልክት፦ አጥንት፣ ጨርቅና ቆዳ ያላምጣል

አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ፎስፈረስ ነው። ገለባና የደረቀ ሣር ፎስፈረስ የላቸውም ለማለት ይቻላል። አሞሌም ሆነ ቦሌ (ከብት የሚልሰው ጨዋማ አፈር) ሶዲየም ይሰጣሉ፤ ፎስፈረስን ግን አይተኩም። አሞሌ እያለ አጥንት ማኘኩ ካልቆመ፣ የጎደለው ጨው አይደለም ማለት ነው።

ርካሹ መፍትሄ ፍሩሽካ ነው፤ 150 ግራሙ 1.5 ግራም ያህል ፎስፈረስ ስላለው ለአንድ የመንዝ በግ የቀን ፍላጎት አብዛኛውን ይሸፍናል። ፍሩሽካ ካልተገኘ 1 ኪሎ ዲካልሲየም ፎስፌት (ፎስፈረስና ካልሲየም ያለው የመኖ ዱቄት) ከ1 ኪሎ አዮዲን ካለው የገበታ ጨው ጋር ይቀላቀል። ለአንድ በግ በቀን 10 ግራም ሲታሰብ፣ 2 ኪሎው ለ10 በጎች 20 ቀን ይበቃል። ከግጦሹ ላይ አጥንት ለቅሞ መቅበርም አይረሳ፤ የበሰበሰ አጥንት እግርና አንገት የሚያሽመደምድ ገዳይ መርዝ ይይዛል።

ምልክት፦ ሙክቱ ያምጣል፣ ሽንቱ ይንጠባጠባል፣ ሆዱን በእግሩ ይመታል

ይህ የሽንት ጠጠር ነው፤ መነሻው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከላይ ያመሰገንነው ፍሩሽካ ሲበዛ ነው። በፍሩሽካ ውስጥ ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርትም ወደዚያው ያደላል። በሽንት መውጫው ዙሪያ ያለውን ጠጉር በጣት ሲዳስሱት እንደ አሸዋ የሚሻክር ነገር ካለ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ሽንቱ ጨርሶ ከቆመ የሰዓታት ጉዳይ ስለሆነ ለነገ ሳይባል ሐኪም ይጠራ።

ለቀሩት ሙክቶች፣ በአንድ ኩንታል ድብልቅ መኖ ላይ ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ የኖራ ድንጋይ ዱቄትና 1 ኪሎ ጨው ይጨመር። ዱቄቱ ለዶሮ መኖ የሚሸጠው ዓይነት ይሁን፤ ግድግዳ የሚቀባው ኖራ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል። በውርጭ ጠዋት በግ ውሃ አይደፍርም፤ ሽንቱም ይወፍራል። ስለዚህ ፀሐይ ሞቅ ሲል ደግሞ ይጠጣ። በግልገልነቱ የተኮላሸ በግ የሽንት ቧንቧው ጠባብ ሆኖ ስለሚቀር በቶሎ ይዘጋል።

ምልክት፦ ዐይኑ ቢጫ ሆነ፣ ሽንቱ ጠቆረ፣ በአንድ ሁለት ቀን ሞተ

ከሁሉ የሚያሳዝነው ይህ ነው፤ በጉን የገደለው ይጠቅመዋል ተብሎ የተገዛው ማዕድን ሊሆን ይችላልና። በግ መዳብን እንደ ላም አያስወጣም፤ በጉበቱ ያከማቻል። ሳምንታት ወይም ወራት ደህና መስሎ ይቆይና ገበያ ሲነዳ ወይም ሲራብ መዳቡ በአንዴ ወደ ደሙ ይፈስሳል።

ስለዚህ ከረጢቱ ላይ «ኮፐር» (መዳብ) የሚለውን መስመር ሳያነቡ አይግዙ። ለከብት በተዘጋጀ ድብልቅ ላይ በኪሎ 1,000 ሚሊግራም ቢጻፍ፣ 10 ግራም የላሰ በግ 10 ሚሊግራም መዳብ ወሰደ ማለት ነው። ግጦሹ ራሱ በአንድ ኪሎ ደረቅ መኖ ከ5 እስከ 8 ሚሊግራም ስለሚይዝ፣ ድምሩ አደጋ ከሚጀምርበት 15 ሚሊግራም ይደርሳል ወይም ያልፋል። የላምና የዶሮ የማዕድን ድብልቅ ለበግ አይሰጥ። ምልክቱ ከታየ ማዕድኑን ወዲያው ያቁሙ፤ የቀሩትን በጎች ሳያንገላቱ ሐኪም ይጥሩ።

ግልገሎች ላይ የሚታዩ

አንገቱ ያበጠ፣ ጠጉሩ የሳሳ ግልገል ከተወለደ እናቲቱ አዮዲን ጎድሏታል፤ አሞሌ አዮዲን ስለሌለው ያረገዙት አዮዲን ያለው የገበታ ጨው ያግኙ። ግልገሉ የኋላ እግሩን ከጎተተ የመዳብ እጥረት፣ ጡንቻው ደርቆ መራመድ ካቃተው የሴሊኒየም እጥረት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ማዕድናት መጠናቸው ሲያልፍ ይገድላሉና ያለ ሐኪም በግምት አይሰጡ።

ጡቡን አይነኩትም፣ ወይም በአንድ ቀን ይጨርሱታል

በግ ከድብልቁ ውስጥ ጨውን እንጂ ፎስፈረስን መርጦ አይፈልግም፤ ድብልቁን የሚልሰው ለጨው ብሎ ነው። አጠገቡ አሞሌ ካለ ድብልቁን ይተወዋል፤ አሞሌውን ያንሱት። በአንድ ቀን ከጨረሱት ደግሞ ጨው ተርበው ነው፤ ለጥቂት ቀናት ተራ ጨው በትንሽ በትንሹ ቀምሰው፣ ውሃም በደንብ ጠጥተው ድብልቁ ይቀጥል። ዩሪያ ያለበት ጡብ ከሆነ ከጣሪያ ሥር ይቀመጥ፤ ዝናብ ያሟሟውን ውሃ የጠጣ በግ ሊሞት ይችላል። ከስድስት ወር በታች ላለ ግልገል ጭራሽ አይሰጥ።