ያለ ቤኪንግ ሶዳ ፓንኬክ ስንሠራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው ሳምንት ጠዋት ጎረቤቴ በሳህን አንድ ፓንኬክ ይዘው መጡ። «እስቲ እዪልኝ ልጄ፤ ሶዳ ስላጣሁ በእርጎ አቦካሁት፤ ይኸው እንደ ቂጣ ሆኖ ቀረ» አሉኝ። ቆርሼ አየሁት። መሐሉ ጥቅጥቅ ያለ፣ በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ የሚቀር፣ ጎምዘዝ የሚል ነበር። «እትዬ፣ እርጎ እኮ ብቻውን ኩፍ አያደርግም» አልኳቸው። እዚህ ጅማ ከብዙ እናቶች ጋር ስንጨዋወት የምሰማው ይህንኑ ችግር ነው፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

እርጎ ወይም ሎሚ የሶዳ ምትክ አይደለም። ሶዳ ከጎምዛዛ ነገር ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ሊጡን የሚያነሳው ያ ጋዝ ነው። ሶዳው ከሌለ እርጎው የሚገናኘው ነገር የለም። ሊጡን ያለሰልሳል፣ ያጎመዝዛል፣ በቃ። የበሰለ ሙዝም እንደዚያው ነው፤ ያጣፍጣል፣ ያያይዛል፣ አያነሳም። ፓንኬክ ኩፍ የሚለው ውስጡ በታሰረ አየር ነው። ሶዳ ከሌለን አየሩን ከተመታ የእንቁላል ነጭ፣ ከእርሾ ወይም ከቤኪንግ ፓውደር እናገኘዋለን። አንዱን መርጣችሁ እሱን ተንከባከቡት።

እኔ የምመርጠው እንቁላሉን ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ለ1 ኩባያ (250 ሚሊ ሊትር ለሚይዘው) የፉርኖ ዱቄት 2 እንቁላል፣ ሦስት አራተኛ ኩባያ ወተት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ቁንጥር ጨው ይበቃል። ከሂርማታ ገበያ የገዛችሁት የሀበሻ እንቁላል ከሆነ አነስ ስለሚል 3 አድርጉት። ነጩንና አስኳሉን ስትለዩ ጠብታ አስኳል እንኳ ነጩ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ቅባት አረፋውን ይገድለዋል። የፕላስቲክ ሳህን ታጥቦም ቢሆን ቅባት ይዞ ስለሚቆይ የብርጭቆ ወይም የብረት ጎድጓዳ ሳህን ውሰዱ፤ ውስጡን በተቆረጠ ሎሚ አሽታችሁ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት። ሎሚ ያለ ሶዳም ቢሆን በደንብ የሚያገለግለው እዚህ ቦታ ነው።

ከዚያ ነጩን መምታት ነው። በሹካም ይሆናል፤ ክንድ ይፈልጋል እንጂ። መጀመሪያ እንደ ሳሙና ውሃ ትላልቅ አረፋ ያወጣል፣ ቀጥሎ ይነጣል፣ ይወፍራል። መምቻውን ስታነሱት ጫፉ ቀና ብሎ መልሶ ዘንበል ሲል አቁሙ። እስኪደርቅ መምታት ስህተት ነው፣ እኛ አገር ደግሞ ይበልጥ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ውሃ እንኳ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ በሊጡ ውስጥ ያለው አየር እሳት ሲነካው የበለጠ ይለጠጣል። ነጩ እስከ መጨረሻው ተመትቶ ከሆነ የሚለጠጥበት አቅም ስለማይኖረው አረፋው ይፈነዳል፤ ፓንኬኩም መጥበሻ ላይ ኩፍ ብሎ ሳህን ላይ ሲደርስ ይሟሽሻል።

ዱቄቱን፣ አስኳሉን፣ ወተቱንና ዘይቱን ለብቻ አዋሕዱ። ሊጥ ተብሎ እንደ ዳቦ አይታሽም፤ በታሸ ቁጥር ግሉተኑ (ዱቄቱ ውስጥ ያለው የሚለጠጥ ፕሮቲን) እየጠነከረ እንደ ላስቲክ ያደርገዋል። ጥቃቅን ጓል ቢቀርበት ምንም አይደለም። ይህ ሊጥ 10 ደቂቃ ይረፍ። የእንቁላሉን ነጭ የምትመቱት ግን መጥበሻው ሊሞቅ ሲል ነው፤ ሦስት ጊዜ ከፍላችሁ ከታች ወደ ላይ በቀስታ እያገላበጣችሁ አዋሕዱትና ወዲያው ጋግሩ። ነጩን ቀላቅሎ «ልጆቹ እስኪነሡ ይቆይ» ማለት ያን ሁሉ የክንድ ድካም ውሃ ያደርገዋል።

ቤኪንግ ፓውደር የምትጠቀሙ ሁለት ነገር እወቁ። በውስጡ ሶዲየም ያለበት ሶዳ አለው፤ ሶዲየም ቀንሱ የተባለ ሰው ቤት ውስጥ ካለ መፍትሔ አይሆንም። ሁለተኛ፣ እርጥበት ይገድለዋል፤ የጅማ ክረምት ደግሞ እንደምታውቁት ነው። በትንሽ ላስቲክ ተቋጥሮ የቆየ ከሆነ ከፓውደሩ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ወስዳችሁ ሙቅ ውሃ ውስጥ ጨምሩና እዩት፤ ቶሎ ካልተንቸፈቸፈ ሞቷል። ደኅና ከሆነ ለ1 ኩባያ ዱቄት 1 የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ከዚያ በላይ ስታበዙት ይመራል፣ ቶሎ ተነሥቶም ቶሎ ይወድቃል።

በጾም እንቁላልም ወተትም ስለሌለ እርሾ ነው መፍትሔው። 1 ኩባያ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ 1 ኩባያ ለብ ያለ ውሃ። «ለብ ያለ» ስል ጣት የሚችለውን ነው፤ የፈላ ውሃ እርሾውን ይገድለዋል። 1 ሰዓት ያህል ምድጃው አጠገብ ሸፍናችሁ አቆዩት፤ የጤፍ ሊጥ ኩፍ ሲል እንደምታዩት ላዩ አረፋ ሲያወጣ ደርሷል። የእንጀራውንም እርሾ መጠቀም ይቻላል፤ ሌሊቱን ስለሚያድርና ስለሚኮመጥጥ ግን ልጆች ብዙም አይወዱትም።

እሳቱን አታብዙት። ከሰል ላይ ከሆነ ፍሙ አመድ እስኪለብስ ጠብቁ። መጥበሻውን በዘይት በነካካ ጨርቅ አሰስ አድርጉ፤ የተነጠረ ቅቤ አይሁን፣ ኮሰረቱና ኮረሪማው ፓንኬኩን ወጥ ወጥ ያሸትተዋል። ላዩ ዓይን አውጥቶ ጠርዙ ሲደርቅ አንዴ ብቻ ገልብጡት። የእንቁላል ነጭ የገባበት ዓይኑ ትንንሽ ስለሆነ ጠርዙን ነው ማየት ያለባችሁ። ከገለበጣችሁ በኋላ በጭልፋ አትጫኑት፤ ጎረቤቴ ይህንንም ያደርጉ ነበር፤ «መሐሉ እንዲበስል ብዬ ነው» አሉኝ። መሐሉን የሚያበስለው እሳቱን ቀንሶ አንድ ደቂቃ መታገሥ ነው። ሲጫኑት የሚወጣው ያው አየሩ ነው።

የመጨረሻው ከእንጀራ ልማዳችን የመጣ ነው። እንደወጣ አንዱን ባንዱ ላይ ደርበን እንከድነዋለን። እንጀራን ያለሰልሰዋል፤ ፓንኬክን ግን በገዛ እንፋሎቱ አርሶ ይጨፈልቀዋል። ንጹሕ ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን ዘርግታችሁ ሁለት ደቂቃ ብታቆዩት ይበቃል። እስከዚያው ከገራ ወረዳ የመጣ ማር ካላችሁ፣ በብርዱ ረግቶም ከሆነ፣ ብልቃጡን ሙቅ ውሃ ውስጥ አቁሙት፤ ፓንኬኩ እስኪቀርብ ማሩ ይቀልጣል።