ጫትና አትክልት በሚለሙበት ማሳ ፀረ ተባይን ያለጉዳት ስለ መጠቀም

ከሐረማያ እስከ አወዳይ፣ ከዚያም እስከ ሐረር ዙሪያ ድረስ ጫትና አትክልት ጎን ለጎን ስለሚለሙ፣ ለድንች ወይም ለሽንኩርት የተገዛ ፀረ ተባይ ወደ ጫቱ ለመሻገር ቅርብ ነው። ድንች ተልጦና ተቀቅሎ ይበላል፤ ጫት ግን በተቆረጠበት ዕለት ወይም በማግስቱ ጥሬውን፣ ብዙ ጊዜም ሳይታጠብ ስለሚቃም፣ ቅጠሉ ላይ የቀረው መርዝ ከቃሚው አፍ በቀጥታ ይገባል። ቃሚው ቅጠሉን ቢያጥብ ላዩ ላይ ያለው በከፊል ይቀንስለታል፤ ወደ ተክሉ ውስጥ የሰረገውን ግን ውኃ አያወጣውም።

ስለዚህ ኬሚካሉን ከመግዛትዎ በፊት በዕቃው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ካልቻሉም የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ያስነብቡ። ጽሑፉ ኬሚካሉ ለየትኛው ሰብል እንደሆነ፣ በምን ያህል ውኃ እንደሚበጠበጥና ከመጨረሻው ርጭት በኋላ ሰብሉ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት ይናገራል። ጫት በጽሑፉ ካልተጠቀሰ በጫት ላይ አይርጩት፤ ተባይ የያዘውን ቀንበጥ ቆርጦ ማስወገድ፣ አድካሚ ቢሆንም፣ ይሻላል። በግርጌው ያለው ቀለምም የመመረዝን አደጋ ደረጃ ያሳያል፤ ቀይ ከሁሉ የከፋው ሲሆን ቢጫ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ በቅደም ተከተል ይከተሉታል፤ አረንጓዴውም ቢሆን መርዝ ነው። በሃይላንድ ተቀንሶ የሚሸጥ ኬሚካል ይህ ሁሉ ስለሌለው አይግዙት። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ፀረ ተባይ ከመሸጡ በፊት እንዲመዘገብ ደንግጓል። ዲዲቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 በተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት መሠረት በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል ብቻ የተፈቀደ ስለሆነ፣ ለእርሻ የሚያቀርብልዎ ነጋዴ ካለ ይራቁት።

የአትክልቱ የመቆያ ቀናት ሳያልቁ ገዢ ቢመጣ አይልቀሙ። ከጫት አጠገብ ያለን አትክልት መርጨት የግድ ከሆነ፣ ነፋስ ወደ ጫቱ እንዳይወስደው ጫቱ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ይርጩ፤ ጊዜውም ነፋስ የሌለበትና ንቦች የማይሰማሩበት ማለዳ ወይም አመሻሽ ይሁን። ከሁሉ የሚያሰጋው ያልተበጠበጠውን ኬሚካል መቅዳትና መበጥበጥ ስለሆነ ጓንት፣ ረጅም እጅጌ ያለው ልብስና ቦቲ ያድርጉ፤ የመርጫው አፍ ቢደፈን በአፍዎ አይንፉት፤ የለበሱትን ልብስ ከቤተሰቡ ልብስ ለይተው ይጠቡ።

መርጫውን በጉድጓድ፣ በምንጭ ወይም በወንዝ ዳር አይጠቡ። በዚህ አካባቢ አንዱ የጉድጓድ ውኃ ለመስኖም ለመጠጥም ሊውል ይችላል፤ ከደጋው የሚወርደው ጎርፍም በደቻቱ ወንዝ በኩል ድሬዳዋን አቋርጦ ያልፋል። ባዶውን ዕቃ ሦስት ጊዜ አለቅልቀው እጣቢውን ወደ መርጫው በመመለስ በዚያው ማሳ ላይ ይጨርሱት፤ ከዚያም ዕቃውን ብሱት። ጠንካራ ጀሪካን መብሳት ለብዙ ቤተሰብ ብክነት ይመስላል፤ ነገር ግን የፕላስቲኩ ግድግዳ የያዘውን መርዝ በኋላ ለሚቀዳበት ውኃ ወይም ወተት ስለሚለቅ፣ እንኳን ለመጠጥ ለእህል ማስቀመጫም አይሆንም።

የረጨ ሰው ምራቁ ቢበዛ፣ ቢያልበው፣ ቢያስመልሰው፣ የዓይኑ ብሌን ቢጠብ ወይም ትንፋሽ ቢያጥረው፣ ከማሳው አውጥተው ልብሱን ያውልቁለት፤ ገላውንም በብዙ ውኃና በሳሙና ይጠቡት። የዋጠ ሰውን ለማስመለስ አይሞክሩ፤ ወተትም መርዙን ስለማያረክስ በእሱ ተማምነው አይዘግዩ። ማላታዮንን ከመሰሉ ኬሚካሎች ለሚመጣ መመረዝ ሐኪሞች አትሮፒን የተባለውን መድኃኒት ይሰጣሉ፤ ይህንንም ለመወሰን ሰውየውን የመረዘው ምን እንደሆነ ማወቅ ስለሚረዳቸው፣ ጽሑፉ ያለበትን ዕቃ በላስቲክ ጠቅልለው ከታማሚው ጋር ወደ ሆስፒታል ይዘው ይሂዱ።