ጠላት አልመጣም፣ ንግግሩ ተደራረበ፣ ፋይሉ አልከፈት አለ፦ የፍሪስፔስ 2 ሚሽን ስትሰሩ ሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

እዚህ ባህር ዳር ፔዳ አካባቢ ሶስት ሆነን በፍሬድ ሚሽን እየሰራን ነው፣ ፍሬድ ማለት ከፍሪስፔስ 2፣ ከጠፈር መርከብ ውጊያው ጌም ጋር አብሮ የመጣው የሚሽን (የአንድ ዙር ውጊያ) መስሪያ ነው፣ ጌሙ እ.ኤ.አ. በ1999 ቢወጣም በ2002 ሶርስ ኮዱ ስለተለቀቀ እስካሁን ሰው እያሻሻለው ይጫወተዋል። አሰራራችን ለየቅል ነው። አንዱ መጀመሪያ መርከቦቹን ይደረድራል፣ አንዷ ንግግሩን ሁሉ ጽፋ ሳትጨርስ ፍሬድን አትከፍትም፣ እኔ ደሞ ምን ከምን በኋላ እንደሚመጣ ወረቀት ላይ ሳላሰምር አልጀምርም። ሶስታችንም ችግር ይገጥመናል ግን የየራሳችን አይነት ነው፣ ስለዚህ የሆነ ነገር እምቢ ሲላችሁ መጀመሪያ ከየት እንደጀመራችሁ አስቡ፣ ስህተቱ ብዙ ጊዜ ያልጀመራችሁበት ጋ ነው ያለው።

ሚሽናችን አጀባ ነው። ሀሳቡ የመጣው ከዘጌ እንጨት ጭነው ወደ ከተማ ከሚቀዝፉት ታንኳዎች ነው፣ ቀስ ብለው ተከታትለው ሲመጡ አይታችኋል፣ እኛም አምስት ዘገምተኛ ጭነት መርከብ አድርገን ተጫዋቹ እንዲጠብቃቸው ነው ያደረግነው።

በጣም ያሰቃየን ሁለተኛው የጠላት ዊንግ (አብሮ ሚበር የመርከብ ቡድን) አለመምጣቱ ነው። የመጀመሪያውን ትመታለህ፣ ከዛ ዝም፣ አስር ደቂቃ ብትጠብቅ ምንም የለም። ሁለተኛው እንዲመጣ አራይቫል ኪዩው (መቼ እንደሚመጣ ሚወስነው ፎርሙላ) ላይ ኢዝ-ዲስትሮይድ-ዲሌይ አድርገን ነበር፣ ማለትም የመጀመሪያው ዊንግ ሙሉ ሲወድም ይምጣ ብለን። ፎርሙላውን ሶስት ቀን አየነው ምንም ስህተት የለውም። አንድ ማታ ሀይቁ ዳር ተቀምጠን ስናወራ ጓደኛዬ ድንገት "አንዱ እኮ ሄደ እንጂ አልሞተም" አለችኝ፣ በቃ እሱ ነበር። ለዛ ዊንግ ከአምስት ደቂቃ በኋላ እንዲወጣ ዲፓርቸር ኪዩ (መውጫ ፎርሙላ) ሰጥተነው ኖሯል፣ ከዊንጉ አንዷ መርከብ እንኳን በህይወት ከወጣች ደሞ "ወደመ" ሚለው መቼም እውነት አይሆንም። መፍትሄው ዲስትሮይድ-ኦር-ዲፓርትድ-ዲሌይ መጠቀም ነው፣ ይሙት ይሂድ ይቆጥረዋል። ሚሽኑ አላልቅ ካለም፣ ጎሉ ሳይሳካም ሳይከሽፍም ከቀረ፣ መጀመሪያ ይሄንኑ እዩ። ሌላው ምክንያት ጠላት ከትልቅ መርከብ ሆድ እንዲወጣ አድርጋችሁ ተጫዋቹ ትልቁን ቀድሞ ካፈነዳው ነው፣ መውጫ ስለሌላቸው አይመጡም፣ መምጣታቸው ግዴታ ከሆነ በሃይፐርስፔስ (ከጠፈር በቀጥታ ዘለው እንዲገቡ) አምጧቸው። መርከብ በመደርደር ሚጀምር ሰው እዚህ ላይ ይጠንቀቅ፣ አገባቡን ያያል እንጂ አወጣጡን አያይም።

ንግግር ቀድሞ ሚጽፍ ሰው ደሞ ሌላ ነው ሚገጥመው። መልእክቶቹ ይደራረባሉ ወይ ያለጊዜያቸው ይመጣሉ፣ መርከቡ ፈንድቶ ካለቀ በኋላ "ጠብቁን እየተመታን ነው" ይላል። ምክንያቱ ሁሉንም ኢቨንት (ሚሽኑ ውስጥ ሚፈጠር ነገር) በሰአት ስላሰራችሁት ነው፣ ሃዝ-ታይም-ኢላፕስድ 60፣ 90፣ 120 እያላችሁ፣ ማለትም ይሄን ያህል ሰከንድ ሲያልፍ ብላችሁ፣ ተጫዋቹ ግን በእናንተ ሰአት አይሄድም። ንግግሩን ከድርጊት ጋር እሰሩት፦ ጠላት ሲደርስ፣ መርከቡ ሲመታ፣ እንደዛ። ተከታታይ ንግግር ከሆነ አንዱ ካለቀ ሌላው እንዲቀጥል ቼይን አድርጋችሁ በመሀል ጥቂት ሰከንድ ስጡ፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡትና ምን ያህል እንደሚፈጅ ለኩት።

ለታሪኩ ምታስፈልግ መርከብ ቶሎ ከሞተች ሺፕ-ጋርዲያን አለላችሁ፣ ትመታለች ግን አትጠፋም። ንግግሯን ስትጨርስ በሺፕ-ኖ-ጋርዲያን አንሱላት እባካችሁ፣ እስከመጨረሻው ከተዋችሁት ተጫዋቹ ያውቅባችኋል፣ ካወቀ ደሞ ለመጠበቅ አይለፋም፣ አጀባ ሚሽን እዛው ላይ ሞተ ማለት ነው።

መርከብ ከቦታው ካልተንቀሳቀሰ ኢኒሺያል ኦርደር (የመጀመሪያ ትእዛዝ) አልሰጣችሁትም፣ ወይ ሌላ ትእዛዝ በፕራዮሪቲ (በቅድሚያ ቁጥር) በልጦታል፣ ትልቁ ቁጥር ነው ሚያሸንፈው።

ፋይሉ አልከፈት ካለ ወይ ኤረር ከደረደረ ሁለት ነገር ነው። የሌላ ሞድ (ሰው ጌሙ ላይ የጨመረው ስራ) መርከብ ተጠቅማችሁ ያንን ሞድ ሳትመርጡ ከፍታችሁት ይሆናል። ወይ በኖትፓድ ነካክታችሁታል። ሚሽን ፋይል ተራ ጽሁፍ ስለሆነ በኖትፓድ መስራት ይቻላል፣ ሃያ ቦታ ላይ ያለ ስም ለመቀየር እኔም እሱን ነው ምጠቀመው፣ ግን አንድ ቅንፍ ከጎደለች ሙሉ ፎርሙላው ይበላሻል፣ ስለዚህ ከመንካታችሁ በፊት ኮፒ አስቀምጡ። እኛ መብራት ሄዶብን የሙሉ ቀን ስራ ካጣን ወዲህ በየግማሽ ሰአቱ በአዲስ ቁጥር ሴቭ እናደርጋለን፣ አጀባ 01፣ አጀባ 02 እያልን፣ ፋይሉን በፍላሽ ስንቀባበልም አንድ ሰው ይዞት እያለ ሌላው አይነካውም።

የመጨረሻው፣ ሚሽኑ ይሰራል ግን ሰው አይችለውም። ሰሪው መቶ ጊዜ ስለተጫወተው ጠላት ከየት እንደሚመጣ ያውቃል፣ ለሱ ቀላል ነው። ጌሙ አምስት የክብደት ደረጃ አለው፣ ሚዲየም ላይ አድርጋችሁ ሚሽኑን አይቶት ለማያውቅ ሰው ስጡና ከኋላው ቁጭ ብላችሁ ምንም ሳትናገሩ እዩ። እኛ ለታናሽ ወንድሜ ሰጠነው፣ ሶስት ጊዜ ተጫውቶ ሶስቱንም ጊዜ አራተኛዋ ጭነት መርከብ ላይ ወደቀ። ሁለተኛውን ዊንግ በ40 ሰከንድ አዘገየነው፣ በአራተኛው ሙከራ አምስቱንም አሻገራቸው።