«ጠየቀ»፣ «ጠራ» እና «አዘዘ» እንግሊዝኛ ላይ ሲያሳስቱ፦ ችግሩና መፍትሄው

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር የኮምፒውተር ጽሑፍና ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። እዚህ ሰፈር ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ብዙ ነው፤ አለቃው የውጭ ዜጋ የሆነበት ሰው ደግሞ ማመልከቻውን በእንግሊዝኛ ይዞ መግባት አለበት። በእጁ ጽፎ ይመጣና «ታይፕ አድርጊልኝ» ይለኛል። እኔ ታይፕ ከማድረጌ በፊት አነበዋለሁ። ፊደል ቢሳሳት ብዙም አይጎዳም፣ አንባቢው ገምቶ ያልፈዋል። የምፈራው ሦስት ግሦችን ነው፦ ጠየቀ፣ ጠራ፣ አዘዘ። በአማርኛ ብዙ ሥራ የሚሠሩ ግሦች ናቸው። እንግሊዝኛው ግን ያንን ሥራ ለብዙ ቃላት አከፋፍሎታል፣ ተሳስታችሁ ካነሳችሁ ደግሞ ሰው ታስቀይማላችሁ።

ምልክት፦ ፈቃድ ጠየቅሁ፣ አለቃዬ ተቆጣ

አንዲት ልጅ እናቷ ታመውባት የሦስት ቀን ፈቃድ ትጠይቃለች። ወረቀቷ ላይ «አይ ዲማንድ ዩ ቱ ጊቭ ሚ ስሪ ዴይስ» ይላል። አስገብታው ነበር፣ ተቆጥተው መለሱላት። ልጅቷ ደንግጣለች፣ ምን እንዳጠፋች አልገባትም።

ምክንያቱ ትምህርት ቤት ነው። «ዲማንድ»ን ያወቅነው በኢኮኖሚክስ ክፍለ ጊዜ ነው፣ አቅርቦትና ፍላጎት ሲባል። ስለዚህ «ፍላጎቴ ነው» ያልን ይመስለናል። ግሥ ሲሆን ግን «መብቴ ነው፣ አምጣ» ማለት ነው። ቃሉ የመጣው ከፈረንሳይኛ ነው፤ እዚያ «ደማንዴ» ዛሬም እንዲሁ መጠየቅ ማለት ነው፣ እንግሊዝኛ ውስጥ ነው የከረረው። ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ሰው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ስለነበር ዲማንድ፣ ሪኩዌስት፣ ኮማንድ፣ ኦርደር፣ ሰመን ሁሉም በዚያ በኩል ገቡ። አስክ፣ ቴል እና ሴንድ ግን የአገሬው ናቸው። ለዚህ ነው የመጀመሪያዎቹ እስካሁን የቢሮና የሥልጣን ሽታ ያላቸው፣ የኋለኞቹ ደግሞ የቤት።

መፍትሄ፦ «አይ ዉድ ላይክ ቱ ሪኩዌስት ስሪ ዴይስ ኦፍ ሊቭ»። አለቀ። ልጅቷ ይህን ይዛ ተመለሰች፣ ፈቃዱንም አገኘች።

ዲማንድ የሚገባበት ቦታም አለ። ደመወዝ ሁለት ወር ዘግይቶ ሠራተኛው ተሰብስቦ ሲጽፍ ዲማንድ ትክክለኛው ቃል ነው፣ የሠራበትን ነዋ የሚጠይቀው። ግን «ዲማንድ ዩ ቱ» አይባልም። ወይ ነገሩን አስከትሉ፣ «ዊ ዲማንድ አወር ፔይ»፤ ወይ «ዛት» ብላችሁ ግሡን ምንም ሳትጨምሩበት አስቀምጡ፣ «ዊ ዲማንድ ዛት ሂ ፔይ»። ፔይ ላይ ኤስ የለም። ስህተት ቢመስልም ስህተት አይደለም።

ምልክት፦ «ፎር» የት ትግባ የት አትግባ ግራ ገባኝ

ይሄ እኔንም ብዙ ዓመት አሳስቶኛል። በአማርኛ ሱቅ ሄዶ ውሃ ጠየቀ እንላለን፣ ዋጋ ጠየቀ እንላለን። ያው «ጠየቀ» ነው። በእንግሊዝኛ ውሃው «አስክድ ፎር ወተር» ነው፣ ዋጋው ደግሞ «አስክድ ዘ ፕራይስ»፣ ያለ ፎር። ለምን? ውሃውን እጁ ውስጥ ማስገባት ይፈልጋል። ዋጋውን ግን ማወቅ ነው የፈለገው፣ የሚጠብቀው መልስ ነው። እንዲሰጣችሁ የምትፈልጉት ነገር ከሆነ ፎር አስገቡ፣ እንዲነግራችሁ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ተዉት።

ሪኩዌስት ላይ ደግሞ ተገላቢጦሽ። ግሥ ሲሆን ፎር አይፈልግም፣ «አይ ሪኩዌስት ሊቭ» ብቻ። ስም ሲሆን ይፈልጋል፣ «ማይ ሪኩዌስት ፎር ሊቭ»። ሰው የሚሳሳተው ከአስክ ጋር አምታቶት «አይ ሪኩዌስት ፎር» ብሎ ነው፤ ከማየው ማመልከቻ ውስጥ ይህቺ ፎር የሌለችበት ጥቂት ነው።

ምልክት፦ «አክስቴን ጠየቅኋት» ብዬ ጽፌ «ምን ብለህ?» አሉኝ

«አይ አስክድ ማይ ሲክ አንት»። እኛ የታመመ እንጠይቃለን፣ የታሰረ እንጠይቃለን። እነሱ «ቪዚት» ነው የሚሉት። አስክ ካላችሁ የታመመችውን አክስት ስትመረምሯት ያደራችሁ ይመስላል። ቀይሩትና እለፉ።

ምልክት፦ ሠርግ ጠርቼ ፍርድ ቤት የጠራሁ መሰለ

መዝገበ ቃላት ላይ «ጠራ» ብላችሁ ብትፈልጉ ኮል፣ ኢንቫይት፣ ሰመን ተደርድረው ይወጣሉ፣ ልዩነታቸው ግን አልተጻፈም። አንዱ ደንበኛዬ ለአለቃው የሠርግ መጥሪያ ሲያዘጋጅ ሰመንን መረጠ፣ ረዘም ያለና ክብር ያለው መስሎት። ሰመን ክብር የለውም። የላቲን ሥሩ ማስጠንቀቅ ነው፣ ዛሬም ያ ጠረኑ አልለቀቀውም፤ የሚጠራው ዳኛ፣ ፖሊስ ወይም የበላይ አለቃ ነው፣ የተጠራው ደግሞ መቅረት አይችልም። ለሠርግ ኢንቫይት በሉ። ኮል በድምፅ ወይም በስልክ መጥራት ነው፣ «ዘይ ኮልድ ሚ ቱ ኤ ዌዲንግ» ካላችሁ ሙሽራው ከመንገድ ማዶ ሆኖ የጮኸላችሁ ያህል ነው።

የምለይበትን ዘዴ ልንገራችሁ። ብቀር ምን ይመጣብኛል? ምንም ካልመጣ ኢንቫይት ነው። ቅጣት ካለው ሰመን ነው። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ሌሊት አሥር ሰዓት ኮንዶሚኒየሙን እየዞረ ሲነፋ እየጋበዘን አይደለም። የቀረ ይቀጣል። እሱን በእንግሊዝኛ ብጽፍ ያለ ምንም ማመንታት ሰመን እላለሁ።

አንድ ትንሽ ነገር፦ የፍርድ ቤቱ መጥሪያ ወረቀት «ሰመንስ» ነው። መጨረሻዋ ላይ ያለችው ኤስ ብዙ ቁጥር አይደለችም። አንድ ወረቀት ቢሆንም ሰመንስ ነው፣ ሲበዛ ሰመንሲዝ ይሆናል።

ምልክት፦ «አዘዘ»ን ሁልጊዜ «ኮማንድ» አደርገዋለሁ

ኮማንድ የወታደር ቃል ነው። ሠራዊት ይታዘዝበታል፣ ውሻና ኮምፒውተርም ይታዘዙበታል። «ማይ ሱፐርቫይዘር ኮማንድድ ሚ ቱ ክሊን ዘ ማሽን» ካላችሁ ፋብሪካው ጦር ሰፈር ሆነ። ሱፐርቫይዘር ሲያዝዝ «ቶልድ ሚ ቱ» ይበቃል፣ በጽሑፍ ከሆነና አሠራሩንም ካሳየ «ኢንስትራክትድ» ጥሩ ነው። ኦርደር ከፍርድ ቤት፣ ከፖሊስና ከምግብ ቤት ጋር ይሄዳል። ከሐኪም ጋር ጠንቀቅ በሉ፦ መድኃኒት ሲያዝ ፕሪስክራይብ ነው፣ የደም ምርመራ ሲያዝ ግን ኦርደር ይባላል። ልጅ ሱቅ ስትልኩ ደግሞ ሴንድ።

ምልክት፦ «ፕሊስ» ብዬም ትእዛዝ ሆነብኝ

ሁሉም የሚገናኘው እዚህ ጋ ይመስለኛል። አማርኛ አክብሮቱን ግሡ ላይ ያስቀምጣል። «ስጠኝ» እና «ይስጡኝ» ያው አንድ ግሥ ናቸው፣ አንቱታው ግን ሥራውን ሠርቶታል። እንግሊዝኛ ውስጥ ሕፃኑም ዩ ነው፣ ሥራ አስኪያጁም ዩ ነው። ስለዚህ «ይስጡኝ» የሚለውን በልባችን ይዘን «ፕሊስ ጊቭ ሚ» ስንጽፍ አንቱታው መንገድ ላይ ይቀራል፣ የሚደርሰው «እባክህ ስጠኝ» ነው። አክብሮቱን በሌላ ቦታ መመለስ አለብን። ግሡን ለስለስ ያለ መምረጥ፣ ከዚያም ዓረፍተ ነገሩን ጥያቄ ማድረግ፦ «ኩድ ዩ ጊቭ ሚ»፣ «ዉድ ዩ ኮንሲደር»።

አንዳንዱ ይህን ሲያጣ ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሄዳል። «እለምንዎታለሁ»ን ቃል በቃል ወስዶ «አይ ቤግ ዩ» ይላል። ትልልቅ ሰዎች በተለይ ይህን አስገቢልኝ ብለው አጥብቀው ይይዙኛል፣ አንዲት እናት ለልጃቸው የሥራ ማመልከቻ ሲያጽፉ ሦስት ቦታ ነው ያስደገሙኝ። ይገባኛል፣ በእኛ ዘንድ መለመን ትሕትና ነው። እዚያ ግን ቤግ የጎዳና ምጽዋት ነው፣ ወይም ሰው ሊሞትበት ያለ ሰው ጩኸት። ለሥራ ማመልከቻ «አይ ዉድ ቢ ግሬትፉል ኢፍ ዩ ኩድ ኮንሲደር ሂም» አልኩና በአማርኛ ተርጉሜ አነበብኩላቸው፦ «ቢያስቡልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው»። «እሱማ ጥሩ ነው እናቴ፣ እንደሱ በይልኝ» አሉኝ።