የድሮ ጌም ማሽን ገዝታችሁ በሳምንቱ እንዳታቃጥሉት፦ ጅማ ውስጥ ጀማሪ ሰብሳቢዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ያረጀ ፕሌይስቴሽን 2 ፈልጎ ማግኘት ብዙ አያደክምም። ጌም ቤቶች ወደ አዲሱ ማሽን ሲዞሩ አሮጌውን ከመደርደሪያ ሥር ከተውታል፤ ከሳዑዲ ወይም ከአሜሪካ ዘመድ የላከውም በየቤቱ ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ጣጣው የሚጀምረው ማሽኑ ቤት ከገባ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ዕቃ እስከ ዛሬ ከሠራ ገና ብዙ ሊሠራ ይችላል፤ አዲሱ ባለቤት በጉጉት ተጣድፎ በአንድ ቀን የሚያደርስበት ጉዳት ግን ከሃያ ዓመቱ ዕድሜ ይበልጣል። ከከፋው እንጀምር።

ስህተት 1፦ የጀርባውን ጽሑፍ ሳያነቡ ሶኬት ላይ መሰካት

የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፤ የአሜሪካው 120፣ የጃፓኑ 100። ትልቁ ፕሌይስቴሽን 2 ፓወር ሰፕላዩ በሆዱ ውስጥ ስለሆነ የአሜሪካውን ሥሪት በቀጥታ ግድግዳ ላይ የሰካ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ፊውዙን ነው። ዕድል ካልቀናው ካፓሲተሩና ትራንዚስተሩም ተከትለው ይሄዳሉ። ገመዱን አይታችሁ አትፍረዱ። የስምንት ቁጥር ቅርጽ ያለው ያ ገመድ ለቴፑም ለዲቪዲ ማጫወቻውም አንድ ነው፤ ሻጩ የአገር ውስጥ ገመድ ከሰካበት አሜሪካዊው ማሽን አውሮፓዊ መስሎ ይቀርባል።

ማሽኑን ገልብጣችሁ ጽሑፉን አንብቡ። ሞዴሉ «ኤስሲፒኤች» ብሎ አምስት አሃዝ ያስከትላል፤ ቁም ነገሩ ያለው የመጨረሻው አሃዝ ላይ ነው። 0 ጃፓን፣ 1 አሜሪካ፣ 3 እንግሊዝ፣ 4 አውሮፓ ማለት ነው። ስለዚህ 39004 እኛ ጋ ያለ ሐሳብ ይሰካል፤ 39001 ግን 120 ቮልት የለመደ ነው። ከአሃዙም ይልቅ የሚታመነው እዚያው አጠገብ የተጻፈው ቮልት ነው። «ከጅዳ የመጣ ነው» የሚለው ቃል ማረጋገጫ አይሆንም፤ ሳዑዲ ውስጥ 127 እና 220 ቮልት ጎን ለጎን ሲሠራባቸው ኖሯል።

ባለ 120 ቮልቱን ወድዳችሁ ከገዛችሁ 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋችኋል። ማሽኑ ላይ የተጻፈውን ዋት በእጥፍ አስቡ፤ 50 ዋት ለሚለው ባለ 100 ዋት። አንዳንድ ስታብላይዘር 110 ቮልት የሚያወጣ ሶኬት ስላለው በእሱም መጠቀም ይቻላል። ግን ማሽኑን ከመሰካታችሁ በፊት የሚያወጣውን በቴስተር ለኩ፤ ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ለብቻው አይበቃም።

አዳፕተሩ ውጭ የሆነ ማሽን ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። ከ70000 እስከ 79000 ያሉት ስሊሞች (ቀጭኖቹ ፕሌይስቴሽን 2ዎች) በ8.5 ቮልት ይሠራሉ (90000ው መልኩ ያው ሆኖ ፓወር ሰፕላዩ ተመልሶ ወደ ውስጥ ገብቷል)። አዳፕተር የጠፋበት ማሽን ርካሽ ስለሆነ ያጓጓል፤ ሰውም ጫፉ የገባለትን የራውተር አዳፕተር ይሰካበታል። ጫፉ ገባ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም። ቮልቱ እኩል፣ አምፒሩ እኩል ወይም የበለጠ፣ የመሐሉ ምልክት አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ሴጋ ሜጋ ድራይቭን ብትወስዱ የመጀመሪያው ሞዴል መሐሉ ኔጌቲቭ ሲሆን ሁለተኛው ፖዘቲቭ ነው፤ ስማቸው አንድ ስለሆነ አዳፕተራቸውን ማቀያየር ቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል። የአውሮፓው ሱፐር ኒንቴንዶ ደግሞ 9 ቮልት ኤሲ ነው የሚቀበለው፤ አብዛኛው አዳፕተር ግን የሚያወጣው ዲሲ ነው። በማዞሪያ ቮልት የሚመረጥባቸው ርካሽ አዳፕተሮች 9 ላይ ተደርገው ያለ ጭነት ሲለኩ 12 ወይም 13 ሊያሳዩ ይችላሉ፤ ለእንደዚህ ዓይነት ማሽን እነሱን ባትመርጡ ይሻላል።

ስህተት 2፦ መብራት ሲጠፋ ማሽኑን እንደተሰካ መተው

መብራት ሄዶ ሲመለስ ቮልቱ ለጥቂት ጊዜ ከፍና ዝቅ ይላል። ጌሙ እንደተቋረጠ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ከተመለሰ በኋላ የቤቱ አምፖል ሳይርገበገብ አምስት ደቂቃ ሲቆይ መልሳችሁ ሰኩ። በትልቁ ፕሌይስቴሽን 2 ላይ ፊት ለፊት ያለው ቁልፍ ማሽኑን አያጠፋውም፤ ቀይ መብራት ከበራ ፓወር ሰፕላዩ ገና ሥራ ላይ ነው። የሚያጠፋው ከኋላ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ሜሞሪ ካርድ ላይ ሴቭ እየተደረገ መብራት ከሄደ ያ ፋይል መበላሸቱ አይቀርም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ለአንድ ጌም ሁለት ቦታ ላይ እያፈራረቃችሁ ሴቭ አድርጉ።

ስህተት 3፦ በአንድ ሲዲ ሞክሮ መግዛት

ሻጩ አንድ የእግር ኳስ ጌም ከፍቶ ያሳያችኋል፤ ይሠራል፤ ገንዘቡን ትከፍላላችሁ። ቤት ስትገቡ ግማሹ ዲስክ እምቢ ይላል። ምክንያቱ ፕሌይስቴሽን 2 ለሲዲና ለዲቪዲ የተለያየ የሌዘር ጨረር ስለሚጠቀም ነው። አንዱ ደክሞ ሌላው ደህና ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለግዢ ስትሄዱ ሦስት ዲስክ ያዙ፦ የፕሌይስቴሽን 1 (ኦሪጅናሉ ሥሩ ጥቁር ነው)፣ ሥሩ ሰማያዊ የሆነ የፕሌይስቴሽን 2 ሲዲ፣ እና ሥሩ ብርማ የሆነ ዲቪዲ። ሥሩ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ከሆነ ቤት ውስጥ የተቀዳ ኮፒ ነው። ኮፒ የሚያነበው ቺፕ ወይም ሌላ መላ የተደረገለት ማሽን ብቻ ነው፤ ለሌዘሩም ከኦሪጅናሉ ይልቅ ከባድ ነው። ለሰብሳቢ ደግሞ ኮፒ ዋጋ የለውም፤ ለመጫወቻ ብቻ ያዙት።

ሦስቱንም ቢያንስ ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ አጫውቱ። የደከመ ሌዘር ቀዝቃዛ እያለ ያነብና ሲሞቅ መቆራረጥ ይጀምራል፤ በተለይ በጌሙ መሐል የሚገቡት ቪዲዮዎች ላይ። ቀይ ስክሪን መጥቶ የፕሌይስቴሽን ዲስክ አስገባ ካለ ማሽኑ ዲስኩን አላወቀውም፤ ወይ ሌዘሩ ነው፣ ወይ ዲስኩ ከሌላ ሪጅን ነው። የአሜሪካ ዲስክ የአውሮፓ ማሽን ላይ ያለ ቺፕ አይከፈትም። ከጌም ቤት የወጣ ማሽን ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የኖረ ስለሆነ ቬንቲሌተሩ ጋ ጆሯችሁን አስጠግታችሁ አድምጡ፤ የሚያንቋርር ከሆነ አቧራ ጠጥቷል ወይም ቡሹ አልቋል።

ዲስኩን ስታወጡ ሥሩን እዩ። አዲስ ክብ ጭረት ከታየ ማሽኑ ራሱ እየጫረ ነው። በስሊሞቹ ላይ የተለመደው ምክንያት የሌዘሩ ፍላት ኬብል ወደ ላይ ተነሥቶ ዲስኩን መንካቱ ነው። ክብ ጭረት ከመሐል ወደ ጠርዝ ከሚሄደው ይከፋል፤ ዲስክ ሲጠረግም ከመሐል ወደ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ነው፣ በክብ አይደለም።

ስህተት 4፦ «አላነብም» ሲል ሌዘሩን በካቻቢቴ ማዞር

ሌዘሩ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን ቢያዞሯት ማሽኑ ወዲያው ማንበብ ሊጀምር ይችላል፤ ወሬው የተስፋፋውም ለዚህ ነው። ሲዞር ግን ወደ ሌዘሩ የሚገባው ኃይል ይጨምራልና የቀረውን ዕድሜ በፍጥነት ይጨርሰዋል። በፊት መጽዳት ነው ያለበት።

የስሊሙ ክዳን ሲከፈት ሌንሱ ይታያል፤ ትልቁን ለመክፈት ግን ከሥር ያሉትን የብሎን ክዳኖች አንሥቶ እንደ ሞዴሉ 8 ወይም 10 ብሎን መፍታት ያስፈልጋል። ከፋርማሲ 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አልኮል ግዙ። የጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ ጫፉን ብቻ ነክራችሁ ሌንሱን ሳትጫኑ በክብ ጥረጉት፤ የተቀመጠው በቀጭን ሽቦ ላይ ነውና ተጭኖ ያጸዳ ሰው ያጣምመዋል። በደረቅ ጥጥ ድገሙና አሥር ደቂቃ ጠብቁ። የተገኘው 70 በመቶ ብቻ ከሆነ የቀረው ውሃ ስለሆነ ለመድረቅ ረዘም ያለ ጊዜ ስጡት። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ በፍጹም አትጠቀሙ፤ ሌንሱ ፕላስቲክ ነው፣ ይደፈርሳል።

ጽዳቱ ካልረዳ ሌዘሩን መቀየር ነው። ለስሊሞች ፒቪአር-802ደብሊው የሚባለው ይገባል። አዲስ ሌዘር ሲመጣ ከስታቲክ እንዲጠበቅ ሁለት ነጥቦቹ በትንሽ ብየዳ ተያይዘው ነው፤ ያ ነጠብጣብ ከተገጠመ በኋላ በብየዳ ብረት ካልተነሣ አዲሱም አያነብም። «የተበላሸ ሌዘር ሸጡልኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ይቺን ነው የረሳት።

ስህተት 5፦ የጅማን እርጥበት መናቅ

ቡናው እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ሳይወርድ ጆንያ ውስጥ እንዳይገባ የሚጨነቅ ከተማ፣ ማሽኑን ሲሚንቶ ወለል ላይ ካርቶን ውስጥ ያስቀምጠዋል! የጅማ ዝናብ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ከግንቦት እስከ መስከረም ካርቶን ከወለሉ ውሃ ይጠጣል፣ የዲስክ ሽፋን ወረቀት ይሻግታል፣ በቦርዱ ላይ ያለው የብረት ክዳን ይዝጋል። በዲስኩ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ከታየ ሻጋታ ነው፤ በቶሎ በለብ ያለ ውሃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና እጠቡት፣ በለስላሳ ጨርቅ አድርቁት።

ማሽኑን ከወለል ቢያንስ አንድ ክንድ ከፍ አድርጋችሁ ከውጭው ግድግዳ ራቅ አድርጉት። በፌስታል ጠቅልሎ ማሰር ይባስ ነው፤ ውስጥ የቀረው እርጥበት መውጫ ያጣል። ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አድርጉና ከአዲስ ጫማ ካርቶን የምታገኟቸውን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች አምስት ስድስት ጨምሩ፤ በየሦስት ወሩ ቀይሯቸው። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ማጫወት ነው፤ በሳምንት አንድ ሰዓት የሠራ ማሽን ራሱን ያደርቃል። በዝናብ ከውጭ ያመጣችሁትን ግን ወዲያው አታብሩ፤ ሌንሱ ላይ ጤዛ ስለሚይዝ ሁለት ሰዓት ይቀመጥ።

ሌላው የቤታችን ጉዳይ ጭስ ነው። ማሽኑን ረከቦቱ አጠገብ አታስቀምጡ። ቬንቲሌተሩ የዕጣኑን ጭስ ስቦ ሌንሱ ላይ የሚያጣብቅ ስስ ሽፋን ይሠራል። ለብ ያለው የማሽኑ ሆድ ለበረሮም ይመቻል፤ ያገለገለ ስትገዙ በቀዳዳዎቹ በእጅ ባትሪ ተመልከቱ፣ ጥቋቁር ነጥቦች ካሉ ከፍታችሁ ሳታጸዱ ወደ ቤት አታስገቡ።

ስህተት 6፦ ምስል ሲበላሽ ገመዱን ብቻ መውቀስ

ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ከመጣ ወይም ወደ ላይ ከተንከባለለ ገመዱ ላይበላሽ ይችላል። የእኛ የድሮ ቴሌቪዥኖች የሚያውቁት ፓል የተባለውን 50 ኸርዝ ሥርዓት ነው፤ የአሜሪካና የጃፓን ማሽን ኤንቲኤስሲ፣ 60 ኸርዝ ያወጣል። ብዙ ፍላት ስክሪኖች ሁለቱንም ይቀበላሉ። በፓል ማሽን ላይ ግን ብዙዎቹ የድሮ ጌሞች ከመጀመሪያው ሥሪት በ17 በመቶ ገደማ ዘገም ብለው ይሄዳሉ፤ ማሽኑ ታሟል ብላችሁ አትጨነቁ።

ፍላት ስክሪናችሁ ቢጫ ቀዳዳ ከሌለው ከጀርባው አረንጓዴና ቢጫ የተቀባ አንድ ቀዳዳ ፈልጉ፤ ቢጫው እዚያ ይገባል። ኤችዲኤምአይ ብቻ ካለው ከኤቪ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይረው ትንሽ ሳጥን ያሠራል፣ ግን በርካሾቹ ላይ ጆስቲኩ ሲጫን ምስሉ ትንሽ ይዘገያል። ቴሌቪዥኑ ላይ ያለውን የጌም ሁነታ አብሩት። የፕሌይስቴሽን 2 ባለ አምስት ጫፍ ኮምፖነንት ገመድ ካገኛችሁ መጀመሪያ በአሮጌው ገመድ ወደ ሲስተም ማስተካከያው ገብታችሁ ኮምፖነንቱን ከአርጂቢ ወደ ዋይ ሲቢ ሲአር ቀይሩ፤ ያለዚያ ምስሉ አረንጓዴ ይመጣል። ለባለ ሽጉጥ ጌሞች ደግሞ ከኋላው ወፍራም የሆነው የድሮ ቴሌቪዥን ግድ ነው፤ የዚያ ዘመን ሽጉጥ ፍላት ላይ አይሠራም። ያንን ቴሌቪዥን ራሳችሁ አትክፈቱት፤ ከተነቀለ በኋላም በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ስህተት 7፦ ካሴት ላይ እፍ ማለት

ሁላችንም ያደረግነው ነገር ነው። የሚረዳው አውጥቶ መልሶ ማስገባቱ እንጂ ትንፋሹ አይደለም፤ ትንፋሹ እርጥበት ያስገባና ፒኖቹን ያዝጋል። ላጲስም ወርቅ ቅቡን ይፍቃል። አልኮልና ጥጥ ይበቃል። የኒንቴንዶ ካሴት በተለመደ ካቻቢቴ አይፈታም፤ 3.8 ሚሊ ሜትር ልዩ ጫፍ ያስፈልጋል፣ ለሱፐር ኒንቴንዶ ማሽን ደግሞ 4.5። መልኩ ሜጋ ድራይቭ ሆኖ ውስጡ የፋሚኮም (የጃፓኑ ኒንቴንዶ) ቅጂ የሆነ ማሽንም ስላለ የካሴቱን ፒን ቁጠሩ፦ የፋሚኮም 60 ፒን ነው፣ የኒንቴንዶ ኤንኢኤስ 72። «9999 በ1» የሚለው ካሴት ደግሞ ያንኑ ጥቂት ጌም በተለያየ ስም የሚደጋግም ነው።

ሴቭ በሚያደርጉ ካሴቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ 3 ቮልት የሆነች ክብ ባትሪ አለች። አሮጌዋ ስትነቀል የተቀመጠው ጨዋታ አብሮ ይጠፋል፤ ከመንቀላችሁ በፊት የካሴቱን ቀድሞ ባለቤት ጠይቁት። አዲሷን ስትገዙ እግር የተበየደላትን ፈልጉ፤ በብየዳ ብረት ባትሪዋን በቀጥታ ማሞቅ ያፈነዳታል።